ማካፈል የሚሰውረው ምልክት፦ ኮምፕሌክስ ቁጥርን ከሬክታንጉላር ወደ ፖላር መለወጥ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ነጥቦች አስቀምጫለሁ። አንደኛው 3 + 4ኢ ነው፤ ሁለተኛው −3 − 4ኢ። ኢ ስል ራሷ በራሷ ስትባዛ −1 የምትሰጠውን ቁጥር ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ኮምፕሌክስ ይባላል፤ ያለ ኢ የቆመው እውኑ ክፍል ወደ ጎን፣ በኢ የተባዛው ኢማጂነሪው ክፍል ወደ ላይ ይቆጠራል። ከመነሻው ነጥብ ተነስተን ወደ እያንዳንዳቸው ቀስት ስንስል አንዱ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ግራ ቁልቁል ይወርዳል። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሆነው ጀርባ ለጀርባ የዞሩ ቀስቶች ናቸው።

ካልኩሌተር የያዛችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ። በሁለቱም ላይ የኢማጂነሪውን ክፍል ለእውኑ ክፍል አካፍሉና ታን ኢንቨርስ፣ ማለትም ከታንጀንት ወደ ማዕዘኑ የሚመልሰውን፣ ውሰዱ። ስንት መጣ?

አዎ፤ ለመጀመሪያው 53.13 ዲግሪ። ለሁለተኛውም 53.13 ዲግሪ።

ጀርባ ለጀርባ የዞሩ ሁለት ቀስቶች አንድ አቅጣጫ ሊኖራቸው አይችልም። ካልኩሌተሩ ግን አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የሰጠነው 4 ሲካፈል ለ3 የሚሆነውን ቁጥር ነው፤ −4 ሲካፈል ለ−3 ያው ቁጥር ይሆናል። ሁለቱ የመቀነስ ምልክቶች ሲካፈሉ ተጣፍተዋል፤ ካልኩሌተሩ ጋ ሳይደርሱ በፊት ጠፍተዋል። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች ፈተና ላይ የሚወድቁት፣ ብዙ ፕሮግራሞችም ዝም ብለው የተሳሳተ ውጤት የሚሰጡት እዚህች ቦታ ላይ ስለሆነ፣ የዛሬውን ሰዓት በአብዛኛው ለማዕዘኑ ልሰጠው ወስኛለሁ።

አስቀድሜ ግን ሁለቱ ቅርጾች ምን እንደሆኑ ልበል። አንድን ቦታ ለሰው ስንጠቁም ሁለት አማራጭ አለን። «3 እርምጃ ወደ ቀኝ ሂድ፣ ከዚያ 4 እርምጃ ወደ ፊት» ልንለው እንችላለን፤ ይህ ሬክታንጉላር ነው። ወይም ደግሞ «እዚሁ ቆመህ ፊትህን ወደዚያ አዙር፣ ከዚያ 5 እርምጃ ሂድ» እንለዋለን፤ ይህ ፖላር ነው። የሚደረስበት ቦታ አንድ ነው። በሁለቱም መንገድ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉናል፤ በመጀመሪያው ሁለቱም ርዝመት ናቸው፣ በሁለተኛው አንዱ ርዝመት ሌላው ማዕዘን ነው። ርዝመቱ ሞዱለስ ይባላል፤ ማዕዘኑ አርጉመንት። ማዕዘኑን የምንለካው ወደ ቀኝ ከሚሄደው አግድም መስመር ጀምረን፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ እየዞርን ነው።

ይህን ሥዕል ዛሬ በምናውቀው መልኩ ግልጽ አድርጎ በመጀመሪያ ያቀረበው ሰው ኑሮው ሒሳብ ማስተማር አልነበረም። ካስፓር ቬሰል ይባላል፤ ኖርዌይ ተወልዶ ዴንማርክ ውስጥ በመሬት ቅየሳና በካርታ ሥራ የኖረ ሰው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1797 ጽሑፉን ለዴንማርክ ንጉሣዊ አካዳሚ አቀረበ፤ በ1799 ታተመለት። በዴንማርክኛ ስለተጻፈ መቶ ዓመት ያህል የሚያነበው አጥቶ ቆየ። በመካከሉ አርጋን የተባለ ሰው በ1806 ፓሪስ ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ አሳተመ፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ በአርጋን ስም ይጠራል። ቀያሽ ይህን ቀድሞ ማየቱ አይገርመኝም። ቀያሽ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚለካው ርቀትና አቅጣጫ ነው፤ ካርታው ላይ የሚያሰፍረው ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ላይ የተቆጠረ ቦታ ነው። በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለውጥ የሚውል ሰው ነበር።

ርዝመቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ቁጥሩ ሀ + ለኢ ከሆነ፣ ሀ እና ለ የቀጤ ጎነ ሦስት ሁለት አጫጭር ጎኖች ናቸው፤ ቀስቱ ረጅሙ ጎን ነው። ስለዚህ ርዝመቱ √(ሀ² + ለ²) ይሆናል። ለ3 + 4ኢ፣ 9 ሲደመር 16 25 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 5። ላስጠነቅቃችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኢ እዚህ ስሌት ውስጥ አትገባም። 4ኢን ካሬ ያደረገ ተማሪ −16 ያገኛል፤ 9 − 16 ደግሞ −7 ነው፤ ከዚያ ስኩዌር ሩት ሲፈልግ ግራ ይጋባል። የጎኑ ርዝመት 4 ነው። ኢ የምትነግረን ጎኑ ወደ ላይ የቆመ መሆኑን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማዕዘኑ እንመለስ። እኔ ለራሴም የማደርገው፣ ለማስተምራቸውም የማሳየው እንዲህ ነው። እርሳስ አነሳለሁ፤ ነጥቡን በወረቀት ላይ አስቀምጣለሁ። መጠኑ ልክ ባይሆንም ግድ የለም፤ አግድሙና ቁልቁሉ መስመር ወረቀቱን ከሚከፍሉባቸው አራት ኳድራንቶች በየትኛው እንዳለ መታየቱ ይበቃል። ከዚያ የመቀነስ ምልክቶቹን ትቼ ሹሉን ማዕዘን፣ ማለትም ቀስቱ ከአግድሙ መስመር ጋር የሚሠራውን ጠባብ ማዕዘን፣ በታን ኢንቨርስ አገኛለሁ። በመጨረሻ ሥዕሉን አይቼ ትክክለኛውን ማዕዘን እቆጥራለሁ።

−1 + √3ኢን ውሰዱ። ነጥቡ በግራ በኩል፣ ከላይ ነው፤ ሁለተኛው ኳድራንት። ርዝመቱ √(1 + 3)፣ ማለትም 2። ሹሉ ማዕዘን የ√3 ታን ኢንቨርስ ነው፤ 60 ዲግሪ። ነገር ግን ይህ 60 የተለካው በግራ በኩል ካለው አግድም መስመር ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ከቀኝ ተነስተን ነው። ግማሽ ዙር 180 ነው፤ ከእሱ ላይ 60 ወደ ኋላ ስንመለስ 120 እናገኛለን። ስለዚህ ቁጥራችን ርዝመቱ 2፣ ማዕዘኑ 120 ዲግሪ ነው። ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦ 2 ሲባዛ በኮሳይን 120 −1 ነው፤ 2 ሲባዛ በሳይን 120 ደግሞ √3። ምልክቶቹን ሳትጥሉ በቀጥታ ካልኩሌተር ላይ አካፍላችሁ ቢሆን −60 ይላችሁ ነበር፤ ያ 1 − √3ኢ ነው፤ ከተፈለገው ፍጹም ተቃራኒው።

በሦስተኛው ኳድራንት ውስጥ ሹሉን ማዕዘን 180 ላይ ትደምራላችሁ፤ በአራተኛው የመቀነስ ምልክት ትሰጡታላችሁ፤ በመጀመሪያው እንዳለ ትወስዱታላችሁ። ይህን ሸምድዱ አልላችሁም። ሥዕሉ ፊታችሁ ካለ ሽምደዳው አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ከሌለ ደግሞ የተሸመደደው ነገር በፈተና ጭንቀት መሃል ይምታታል። 5ኢን የመሰለ ቁጥር ሲመጣ፣ እውኑ ክፍል ዜሮ ስለሆነ ማካፈሉ ራሱ አይቻልም፤ ካልኩሌተሩም ስህተት ብሎ ይቆማል። ወረቀቱ ላይ ግን ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል፤ 90 ዲግሪ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያየዋል። ራሱ ዜሮ ብቻ ማዕዘን የለውም፤ ርዝመት የሌለው ቀስት ወዴትም አይጠቁምምና።

እዚህ ላይ ከኋላ ረድፍ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ እንደምታጠናና ሁለት ዓመት ሙሉ ታን ኢንቨርስን በቀጥታ ስትጠቀም አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ እንደማታውቅ ነገረችን። የጠየቀችው ለምን እንደሆነ ነው። መልሱን እንደ ሰጠኋት አስቀምጠዋለሁ።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ነገር ያወጣል። በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስሌት ኮምፕሌክስ ቁጥርን ያስለመደው ቻርለስ ስታይንሜትዝ ነው፤ በ1893 ቺካጎ ላይ በተደረገው የኤሌክትሪክ ጉባኤ ዘዴውን አቅርቧል። አንቺ የምታሰይው ኢምፒዳንስ ነው፤ ሰርኪዩቱ ለተለዋዋጭ ካረንት ያለው ጠቅላላ ተቃውሞ። 30 ኦም ሬዚስተርና 40 ኦም የሚያህል የጥቅል ሽቦ ሪአክታንስ (የኢምፒዳንሱ ኢማጂነሪ ክፍል) በተከታታይ ሲገናኙ 30 + 40ኢ ትጽፊያለሽ፤ እናንተ ኢን በሌላ ፊደል ትተኳታላችሁ፣ ካረንት ከሚወከልበት ፊደል ጋር እንዳይጋጭ። ርዝመቱ 50 ኦም ነው፤ ማዕዘኑ 53.13 ዲግሪ፤ ቮልቴጁ ካረንቱን በዚህን ያህል ይቀድመዋል ማለት ነው። በጥቅል ሽቦው ፈንታ ካፓሲተር ቢኖር ሪአክታንሱ ወደ ታች ይወርድና ማዕዘኑ ነጌቲቭ ይሆናል። እውኑ ክፍል ግን ሬዚስታንስ ነው። ተራ ሬዚስተር ደግሞ ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ የምታሰያቸው ቀስቶች ሁሉ በቀኝ በኩል ይኖራሉ፤ ታን ኢንቨርስ ደግሞ ዘወትር ትክክል የሚሆነው በዚያ ግማሽ ላይ ነው። አንድ ቀን የቮልቴጅ ልዩነት ስታሰዪ፣ አንዱን ቀስት ከሌላው ስትቀንሺ፣ ውጤቱ ወደ ግራ ይሻገራል። ያን ጊዜ ያው ልማድ ይጥልሻል። አንድ ዘዴ ሳይሳሳት ለረጅም ጊዜ መሥራቱ የሚሠራበት ክልል ጠባብ ስለሆነም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ወገኖቼ ደግሞ መፍትሔው አላችሁ። የፕሮግራም ቋንቋዎች ኤታን 2 (atan2) የሚባል ፈንክሽን አላቸው። የሚቀበለው የተካፈለውን ቁጥር ሳይሆን ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ስለሆነ ምልክቶቹ ሳይጠፉ ይደርሱታል፤ ኳድራንቱን ራሱ ይለያል። ሁለት ነገሮችን ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ፓይተንን ጨምሮ በአብዛኞቹ ቋንቋዎች የኢማጂነሪው ክፍል መጀመሪያ ይገባል፤ ኤክሴል ላይ ግን እውኑ ክፍል ነው የሚቀድመው። ሁለተኛ፣ መልሱ የሚመጣው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ነው፤ በራዲያን ግማሽ ዙር ፓይ ነው። ለ−3 + 4ኢ 2.214 ቢላችሁ አትደንግጡ፤ በ180 አባዝታችሁ ለፓይ ስታካፍሉት 126.87 ዲግሪ ይሆናል።

ስለ ኤታን 2 ካነሳሁ አይቀር የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከአንድ የአቅጣጫ መለኪያ የሚመጡ ንባቦችን አማካይ አድርጎ ስክሪን ላይ በቀስት የሚያሳይ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ቀስቱ ሰላማዊ ሆኖ ይሠራል፤ አቅጣጫው ወደ ግራ ሲጠጋ ግን ድንገት ብድግ ብሎ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሽቦውን ፈተሽኩ፣ መለኪያውን ቀየርኩ፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ንባቦቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፦ 178፣ 179፣ −179፣ −178። ነገሩ ፊቴ ላይ ነበር። 179 እና −179 የሚጠቁሙት ወደ አንድ ቦታ ነው ማለት ይቻላል፤ በመካከላቸው ያለው 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ኤታን 2 ማዕዘኑን ከ−180 እስከ 180 ባለው ውስጥ ስለሚሰጥ፣ በግራ በኩል ያለውን መስመር የተሻገረ ቀስት ስሙ በአንዴ ይለወጣል። ደምረን ለሁለት ስናካፍላቸው ዜሮ ይወጣል፤ ዜሮ ደግሞ ወደ ቀኝ ነው፤ ፍጹም ተቃራኒው።

መድኃኒቱ ማዕዘኖችን አለመደመር ነው። እያንዳንዱን ንባብ ርዝመቱ 1 የሆነ ቀስት አድርጌ ወደ ሬክታንጉላር መለስኩት። የ179 ዲግሪው −0.9998 + 0.0175ኢ ነው፤ የ−179ኙ −0.9998 − 0.0175ኢ። ሲደመሩ ኢማጂነሪዎቹ ይጣፋሉና −1.9996 ይቀራል፤ ቀስቱ ወደ ግራ ነው፤ ማዕዘኑ 180። ድምሩን ሠርቼ ስጨርስ ብቻ ወደ ፖላር ለወጥኩት። መደመርና መቀነስ የሬክታንጉላር ሥራ ነው። ይህን ከዚያ ቀን በፊትም አውቀው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ታዲያ ፖላር ለምን ይጠቅማል? ለማባዛት። ይህን በእጃችን እንየው። 2 + ኢን በ3 + ኢ እናባዛ። 2 በ3 6፣ 2 በኢ 2ኢ፣ ኢ በ3 3ኢ፣ ኢ በኢ −1። ሲጠቃለል 5 + 5ኢ። አሁን ማዕዘኖቹን እንይ። የ2 + ኢ 26.565 ዲግሪ ነው፤ የ3 + ኢ 18.435። ደምሯቸው፤ 45 ይሆናል። 5 + 5ኢ ደግሞ ልክ በ45 ዲግሪ ላይ ያለ ቀስት ነው። ርዝመቶቹም ይባዛሉ፦ √5 በ√10 √50 ነው፤ የ5 + 5ኢም ርዝመት √50። ሲባዙ ርዝመት በርዝመት ይባዛል፣ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ይደመራል። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ አሰልቼ ሳገኝ ብዕሬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየሁት። እነዚያ ሁለት ያልተስተካከሉ አስርዮሽ ቁጥሮች ገጥመው አንዳች ሳይጎድላቸው 45 መሆናቸው ዛሬም ደስ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ ከፍ ያለ ኃይል ማስላት ቀላል ይሆናል። 1 + ኢን 10 ጊዜ በራሱ ማባዛት በሬክታንጉላር አድካሚ ነው። በፖላር ርዝመቱ √2፣ ማዕዘኑ 45 ነው። √2 በኃይል 10 32 ይሆናል፤ 45 ሲባዛ በ10 450 ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር 360 ሲቀነስ 90። መልሱ 32ኢ። አለቀ።

ወደ ኋላ መሄድም፣ ማለትም ሥር ማውጣትም፣ ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው። በ1572 ራፋኤል ቦምቤሊ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ፣ የአንድ ቁጥር ኩብ የዚያው ቁጥር 15 እጥፍ ሲደመር 4 ይሁን የሚለውን እኩልነት ያዘ። መልሱ 4 እንደሆነ በቀላሉ ይታያል፤ 64 እኩል ይሆናል 60 ሲደመር 4። ጣሊያናዊው ካርዳኖ ለእንዲህ ያሉ የኩብ እኩልነቶች በ1545 ባሳተመው ቀመር ሲሠራ ግን የመጣው የ2 + √−121 እና የ2 − √−121 ኪዩብ ሩቶች ድምር ነበር። √−121 በእኛ አጻጻፍ 11ኢ ነው። ቦምቤሊ 2 + ኢ ኩብ ሲደረግ 2 + 11ኢ እንደሚሰጥ አገኘ፤ ጓደኛውም፣ ማለትም የኢማጂነሪው ክፍል ምልክት ብቻ የተገለበጠው፣ 2 − ኢ ነው፤ ሲደመሩ 4። ሥዕሉ ሊሳል ገና ከ200 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር፤ የሠራው ያለ ሥዕል ነው። ለእሱ ያለኝ አክብሮት ከዚህ የመነጨ ነው።

እኛ ግን ሥዕሉ አለን። 2 + 11ኢን ወደ ፖላር እንለውጥ። ርዝመቱ √(4 + 121)፣ ማለትም √125። ቀኝና ላይ ስለሆነ ማዕዘኑ የ5.5 ታን ኢንቨርስ ነው፤ 79.695 ዲግሪ። ኪዩብ ሩት ለማውጣት የርዝመቱን ኪዩብ ሩት እንወስዳለን፤ √5 ይሆናል። ማዕዘኑን ለ3 እናካፍላለን፤ 26.565። ይህን ማዕዘን አሁን ቅድም አይተነዋል፤ የ2 + ኢ ማዕዘን ነው። ቦምቤሊ በግምት የደረሰበት ቦታ ላይ በአንድ ማካፈል ደረስን።

ነገር ግን 79.695 የዚያ ቀስት ብቸኛ ስም አይደለም። አንድ ሙሉ ዙር ጨምረን 439.695 ብንለው፣ ሁለት ዙር ጨምረን 799.695 ብንለው ቀስቱ ንቅንቅ አይልም። ፕሮግራሜን ያሳሳተው የስም መብዛት እዚህ ጸጋ ይሆናል፤ ምክንያቱም ለ3 ስናካፍላቸው ሦስት የተለያዩ ቀስቶች ይወጣሉ፦ 26.565፣ 146.565 እና 266.565። ሁሉም ርዝመታቸው √5 ነው፤ በመካከላቸው 120 ዲግሪ አለ። እያንዳንዱን ከጓደኛው ጋር ስንደምር ኢማጂነሪው ይጠፋና የእውኑ ክፍል እጥፍ ይቀራል። የመጀመሪያው 4 ይሰጣል። ሁለተኛው −3.732፤ ይህ −2 − √3 ነው። ሦስተኛው −0.268፤ ይህ ደግሞ −2 + √3። የቦምቤሊ እኩልነት ሦስት መልሶች ነበሩት፤ ሦስቱም ከአንድ ማዕዘን ሦስት ስሞች ወጡ።

ከመሄዳችሁ በፊት ሦስተኛውን ቀስት ወረቀታችሁ ላይ ሳሉት። በሬክታንጉላር −0.134 − 2.232ኢ ገደማ ነው፤ ከግራ፣ ከታች፣ ለቁልቁሉ መስመር በጣም የቀረበ። አሁን ሳትስሉ አካፍላችሁ ታን ኢንቨርስ ብትወስዱ ካልኩሌተሩ 86.565 ይላችኋል። በዚያ ማዕዘን ብትመለሱ ቀስቱ ወደ ላይ ይቆማል፤ መልሳችሁም +0.268 ይሆናል። እስቲ እኩልነቱ ውስጥ አስገቡት፤ በግራ 0.019፣ በቀኝ 8.02 ታገኛላችሁ። −0.268ን ስታስገቡ ግን በግራም በቀኝም −0.019 ገደማ ይወጣል።